የዘማቹ ልብወለድ፦ ጦርነቱ የት ገባ?

እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በዛፉ ጥላ ሥር አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ የሚሸጥ አንድ ልጅ አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ እንደጨረሰ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «አቦ፣ ሐዲስ አለማየሁ በጣልያን ጊዜ ዘምተዋል፣ ተማርከዋል፣ ባሕር ማዶ ታስረዋል ይባላል። ታዲያ መጽሐፉ ውስጥ ጣልያን የታለ?»

እውነቱን ነው። ጣልያን የለም። አውሮፕላን የለም፣ መርዝ የለም፣ ምርኮ የለም። ያለው ከወረራው በፊት የነበረ ጎጃም ነው። አንድ የቅኔ ሊቅና አንዲት የባላባት ልጅ ይዋደዳሉ፣ ሥርዓቱ አያገናኛቸውም፣ ነገሩ በመቃብር ያልቃል። በቃ፣ ታሪኩ ይሄ ነው።

ግን የልጁ ጥያቄ ደህና መልስ የሚገባው ነው። ብዙዎቻችን «ደራሲው ጦርነት አይቷል፣ ስለዚህ ስለ ጦርነት ይጽፋል» ብለን እናስባለን። ነገሩ እንደዚያ ቀጥታ አይሄድም። የእኔን ንባብ ቀድሜ ልናገር፦ ልጅነታቸው ለሐዲስ የመጽሐፉን ዓለም ሰጣቸው፣ ጦርነቱ ደግሞ የመጽሐፉን ጥያቄ። ጦርነቱ ራሱ ባይታይም ያስነሣው ጥያቄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አለ።

ከልጅነቱ እንጀምር።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በሚባል ቦታ ተወለዱ። አባታቸው ካህን ነበሩ። ልጁም እንደ አገሩ ወግ ወደ ቤተ ክህነት ትምህርት ገባ። ደብረ ኤልያስንና ዲማ ጊዮርጊስን የመሳሰሉ የታወቁ የትምህርት ቦታዎችን አይቷል። ቅኔም ተምሯል።

ድሬዳዋ ተወልዶ ላደገ ሰው የቆሎ ተማሪ ኑሮ ሩቅ ነው። ስለዚህ ጠጋ ብለን እንየው። ልጁ ከቤቱ ርቆ ይሄዳል። ደበሎ ይለብሳል፣ አኩፋዳ ያንጠለጥላል። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የሰጠችውን እናት ይመርቃል፣ የለቀቀበትን ውሻ በዱላ ይከላከላል። ያገኘውን ቁራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል። ከዚያ ትምህርቱ አለ። የቅኔ ተማሪ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ደግሞ አይመጣም፣ አዲስ ይቆጥራል። በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያሰማል። ቤት ካልመታለት፣ ምሥጢሩ ከላላበት እዚያው ይታረማል። ቤተሰብ የለም፣ ደመወዝ የለም። የልጁ ሀብት በጭንቅላቱ የያዘው ብቻ ነው።

አሁን በዛብህን አስቡት። በዛብህ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው፣ የማንኩሳው የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ። ሕፃን ሆኖ ሲታመምባቸው ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉ። በዚህ ስለት ምክንያት ሲያድግ ሚስት ማግባት አይችልም። ዲማ ሄዶ ተማረ፣ የቅኔ ሊቅ ወጣው። ከዚያም የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ትልቅ ቤት ገባ። በዕውቀት ከሁሉም በላይ ነው፣ በዘር ቆጠራ ግን ከሁሉም በታች። የመጽሐፉ ሕመም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ሕመም ከውጭ ሆኖ መጻፍ ይከብዳል። ሐዲስ በዚያ መንገድ ያለፉ ሰው ናቸው። የቆሎ ተማሪ በሰው ደጅ ሲቆም ምን እንደሚሰማው፣ ሊቅ ተብሎ ሲከበር ደግሞ ምን እንደሚሰማው ያውቃሉ።

ነገር ግን በዛብህ ሐዲስ አይደለም። ይህን የምለው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚቸኩል ነው። ሐዲስ ከቤተ ክህነት ትምህርት በኋላ አዲስ አበባ ገብተው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተምረዋል። ተማሪ ሳሉ ቴያትር ጽፈዋል። በዛብህም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ እሱ ግን የሚሄደው ሸሽቶ ነው። ለሐዲስ ያ መንገድ አዲስ ዓለም ከፈተ፣ በዛብህን ግን ከሚወዳት ለየው። ደራሲው የራሱን መንገድ ወስዶ «ያ በር ባይከፈትልኝስ?» ብሎ የጠየቀ ይመስለኛል። የሕይወት ታሪክ ወደ ልብወለድ ሲገባ እንዲህ ይለወጣል፣ እንዳለ አይገለበጥም።

ወደ ጦርነቱ እንምጣ። እዚህ ላይ እኛ የምሥራቅ ሰዎች ትንሽ ድርሻ አለን።

ሐዲስ የዘመቱት በራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ውስጥ ነው። ራስ እምሩ በጊዜው የጎጃም ገዥ ነበሩ። ያደጉት ግን እዚሁ ሐረር ነው፣ በራስ መኰንን ቤት፣ ከዘመድ ይልቅ እንደ ወንድም ከሚያዩት ከተፈሪ መኰንን ጋር። ለውጥ የሚወዱ መኳንንት ስለነበሩ «ቀዩ ራስ» ይባሉ ነበር። መሬትን ለገበሬ ስለመስጠት ማሰብ ለመኳንንት እንግዳ በሆነበት ዘመን እሳቸው ያስቡ ነበር። ወጣቱ ሐዲስ ከእኚህ ሰው ጋር ነው ወደ ሽሬ ግንባር የሄዱት።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጊና ላይ የጣልያንን ጦር ገፋው። ገበሬው በጎራዴና በአሮጌ ጠመንጃ ታንኮቹን ያዘ፣ ከውስጥ ያሉትንም ጣለ። ከሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ብዙ ያልተነገረለት ድል ነው። ብዙም ሳይቆይ አውሮፕላኖቹ መጡ። ከላይ የጣሉት በርሜል መሬት ሲነካ እየተሰበረ ፈሳሽ ረጨ። ፈሳሹ የነካው ሰው ቆዳው ተቃጠለ፣ ዓይኑ ጠፋ። የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው መርዝ ነው። ራስ እምሩ ራሳቸው ስለዚህ ቀን ምስክርነት ሰጥተዋል፤ ጠላትን በጥይት እንጂ በዝናብ መልክ የሚመጣን ሞት እንዴት እንደሚዋጉት የሚያውቅ አዛዥ አልነበረም።

በየካቲት መጨረሻ የሽሬ ጦርነት ተደረገ። ጥይት አለቀ። ጦሩ ተከዜን መልሶ ሲሻገር ከአየር ተደበደበ። ከዚያም ወታደሩ ወደየቤቱ ተበተነ። በዚያው ሰሞን ጎጃም ውስጥ ደጃዝማች ገሠሠ በለው በራስ እምሩ ላይ ሸፍተው ነበር። ይህን አስቡት፦ ፊት ለፊት ጣልያን አለ፣ ከኋላ ደግሞ የገዛ አገር አመፅ። ለሐዲስ ያ አመፅ የተነሣው በሌላ አገር አልነበረም፣ በተወለዱበት ጎጃም ነው።

እኛ ጋ በምሥራቅ በዚያው ሰሞን ምን ሆነ? መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሐረር በቦምብ ተደበደበች። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ አለፉ። ሚያዝያ 30 ሐረር ተያዘች። በማግሥቱ ከኦጋዴን በኩል የመጣው የጣልያን ጦር ድሬዳዋ ገብቶ ከአዲስ አበባ በባቡር ከወረደው ጋር ተገናኘ። የለገሃሩን ሕንፃ ባየሁ ቁጥር ይህ ይታወሰኛል።

ሐዲስ ግን ያን ጊዜም አልጨረሱም። ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ ሄደው ትግሉን ቀጠሉ፤ ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ማኅበር ሰዎችም ከእሳቸው ጋር ነበሩ። ከብዙ ጉዞ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ሐዲስም ተማረኩ። ወደ ጣልያን ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ። የተፈቱት የቃል ኪዳን አገሮች ጦር ጣልያን ሲገባ፣ በ1935 ዓ.ም. ነው። ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ራስ እምሩም ፖንዛ ላይ ታስረው ነበር። ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ የገዛ አገሩ ሰዎች ያሰሩት እዚያው ደሴት ላይ፣ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየ ሰው የመጀመሪያውን ትልቅ ልብወለዱን ሲጽፍ ስለዚህ አንድ ቃል አልጻፈም።

ለምን? አንድ አጎት አለኝ። በሶማሌ ወረራ ጊዜ ሚሊሻ ሆኖ ጅጅጋ ግንባር ዘምቷል። ጦርነቱን አያወራም። ብትጠይቀው ስለ ኮዳው ያወራል፤ ማን ውሃ እንዳካፈለው፣ ማን እንደከለከለው። ልጆቹ ግን አንድ ነገር ያውቃሉ፦ ቤት ውስጥ አንዱ ሌላውን ከበታች አድርጎ ከተናገረ አጎቴ ከማዕድ ይነሣል። ጦርነቱ እዚያ አለ። ሰው በግንባር ያየውን ትቶ ግንባር ላይ የገባውን ይዞ ይመለሳል። ጸሐፊ ሲሆን ደግሞ የገባውን የሚያሳይበት ሌላ ታሪክ ይፈልጋል።

ሐዲስ ግንባር ላይ ምን ገባቸው? መልሱ ያለ ይመስለኛል ፊታውራሪ መሸሻ ላይ።

አስቀድሞ ግን የድሮው ጦር እንዴት ይቆም እንደነበር መናገር ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ነገሩ አይያዝም። የ1928ቱ ጦር አብዛኛው ደመወዝተኛ ወታደር አልነበረም። ክተት ሲታወጅ ባላባቱ ከነተከታዩ ይወጣል። ተከታዩ ማነው? በሰላም ጊዜ የሚያርስለት፣ የሚገብርለት፣ ደጅ የሚጠናው ባላገር ነው። ስንቁን ራሱ ይሸከማል። ጠመንጃ ካለው ይይዛል። ስለዚህ የጦሩ ጥንካሬ በባላባቱና በገበሬው መካከል ያለው ነገር ላይ ተንጠልጥሏል። ገበሬው በሰላም ጊዜ የተናቀ፣ የተገፈፈ ከሆነ በጦር ጊዜ ያ ንቀት አብሮ ይዘምታል። ፊታውራሪ የሚለው ማዕረግ ራሱ የጦር ማዕረግ ነው፤ ከፊት የሚመራ ጦር አዛዥ ማለት ነው።

አሁን ልብወለዱን ክፈቱት። ፊታውራሪ መሸሻ ኩሩ ሰው ናቸው። ዘራቸውን ቆጥረው አይጠግቡም። ልጃቸውን ሰብለን የሚመጥን ባል ስላላገኙ ቆማ እንድትቀር ያደርጓታል። ገበሬዎቻቸው የተጣለባቸው ግብር በዝቶ «ይህንስ አንሰጥም» ሲሉ ፊታውራሪው ነገሩን በሽማግሌ አይጨርሱትም። ጦር ይዘው ይዘምታሉ። በማን ላይ? በገዛ ገበሬዎቻቸው ላይ።

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ጀግንነት እየማሉ ይነሣሉ። ጋሻ፣ ጦር፣ ፉከራ፣ ሁሉም በቦታው አለ። የሌለው ጠላት ነው። ከፊታቸው የቆመው አበጀ በለው የሚመራው ባላገር ነው፣ ትናንት የገበረላቸው ሰው። በመጨረሻም ፊታውራሪው ይማረካሉ። በውጭ ወራሪ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው፤ የማረኳቸው ግን የሚገብሩላቸው ሰዎች ናቸው።

ይህንን የጻፉት ሽሬን ያዩ ሰው ናቸው። አንድ ጦር በመርዝና በጥይት እጥረት ብቻ ሳይሆን ከውስጥ ባለው ስንጥቅም ሲፈርስ አይተዋል። መርዙን ጣልያን አመጣው። ስንጥቁ ግን ጣልያን ከመምጣቱ በፊት ነበር። ሐዲስ የመረጡት ስለ ስንጥቁ መጻፍ ነው። ለእኔ ድፍረት ማለት ይሄ ነው። ስለ ጠላት ጭካኔ መጻፍ ቀላል ነበር፤ ሁሉም ያጨበጭብ ነበር። «እኛስ ምን ሆነን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ዘመድ ያስቀይማል።

ይህንኑ ጥያቄ በአፉ የሚናገረው ጉዱ ካሳ ነው። የፊታውራሪው ዘመድ ነው፣ የተማረ ነው፣ ከወገኖቹ ወግ የወጣ ነው። ቤተሰቡ እንደ እብድ ያየዋል። ያልታደሰ ሥርዓት አንድ ቀን በላያችን ይፈርሳል እያለ ያስጠነቅቃል፤ የሚሰማው ግን የለም። ጉዱ ካሳን ከራስ እምሩ ጋር አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሐዲስ ከመኳንንት ወገን ሆኖ የመኳንንትን ሥርዓት የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚመስል በዓይናቸው አይተው ነበር። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ተዋግተዋል፣ ተሰደዋል፣ ተማርከዋል።

ሌላም አለ፣ መንገዱ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የእግር መንገድ መጽሐፍ ነው። በዛብህ ከማንኩሳ ዲማ፣ ከዲማ አዲስ አበባ ይጓዛል። ሰብለ የባላባት ልጅነቷን ጥላ፣ መነኩሴ መስላ፣ ያን ሁሉ አገር በእግሯ ታቋርጣለች። ስትደርስ በዛብህ መንገድ ላይ ሽፍቶች አቁስለውት ሊሞት ነው። ከሽሬ እስከ ጎሬ፣ ከጎሬ እስከ ጎጀብ የተጓዘ ሰው ድካምን ከመጽሐፍ አይማርም። እግር ሲያብጥ፣ ማደሪያ ሲጠፋ፣ የማያውቁት ሰው ደጅ ሲከፍት፣ ይህ ሁሉ በሰብለ ጉዞ ውስጥ ክብደት አለው። ሞትም ፉከራ ሳይኖረው፣ መንገድ ዳር፣ ዘግይቶ ከደረሰ ሰው ፊት ይመጣል። ዘማች የሚያውቀው ሞት እንዲህ ያለው ነው።

እስራቱስ ምን ሰጣቸው? ርቀት። ከእስራት በኋላም ሐዲስ በአገር ቤት ብዙ አልተቀመጡም። ዲፕሎማት ሆነው በኢየሩሳሌም፣ በአሜሪካ፣ በኋላም አምባሳደር ሆነው በለንደን ሠርተዋል። መጽሐፉ የወጣው ከለንደን ዘመናቸው በኋላ በ1958 ዓ.ም. ነው። ጎጃም በመጽሐፉ ውስጥ ያን ያህል ጥርት ብሎ የሚታየው የናፈቀ ሰው ስለጻፈው ይመስለኛል። የሠርጉ ወግ፣ የሽማግሌው አነጋገር፣ የጠጁ ቤት ጨዋታ፣ ሁሉም በትዕግሥት ተቀምጧል። ግን ናፍቆት ዓይናቸውን አልጋረደውም። የሚወዱትን አገር በደንብ እያሳዩ በዚያው ብዕር ይከሱታል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስኬድ ጸሐፊ ጥቂት ነው።

ጊዜውንም ልብ በሉ። መጽሐፉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጥተው ነበር። ሐዲስ የመንግሥት ሰው ነበሩ። ሆኖም በልብወለዳቸው ውስጥ ገበሬው ፊታውራሪውን ማረከ። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ ሥርዓቱ ወደቀ። በአብዮቱ ጊዜ ደርግ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሁኑ ብሎ ሲጠይቃቸው እምቢ አሉ። የአንዱን ሥርዓት ስንጥቅ ማየት የሚቀጥለውን ለመቀበል አላስቸኮላቸውም።

እዚህ ድሬ መጽሐፉን ካነበበው ይልቅ የሰማው ይበዛል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ቀትር ላይ በየግቢው ጸጥ ይባል እንደነበር ትልልቆቹ ያወራሉ። በርጫ ላይ ያሉት ሳይቀሩ ጨዋታ አቁመው ያዳምጡ ነበር። ጎጃምን አይተው የማያውቁ ሰዎች፣ ቤታቸው ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚነገር ሰዎች፣ ለሰብለ አለቀሱ። ምክንያቱም የዘር ቆጠራ ንቀትን ለማወቅ ጎጃሜ መሆን አያስፈልግም። ልጅ «ማን ነው አባቱ?» ተብሎ ሲመለስ ያላየ ሰፈር የለም።

ሐዲስ ስለ ጦርነቱ በቀጥታ የጻፉበት መጽሐፍም አላቸው። «ትዝታ» ይባላል፤ ዘመቻውንና እስራቱን ይተርካል። የወጣው በ1985 ዓ.ም. ነው። ከተማረኩ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። በመካከሉ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ «ወንጀለኛው ዳኛ» እና «የልም እዣት» ወጥተዋል። ልብወለዶቹ ቀደሙ፣ ምስክርነቱ ዘገየ። ለመጽሐፍ ሻጩ ልጅ የነገርኩትም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ፊታውራሪ መሸሻ በገበሬዎቻቸው ላይ የዘመቱበትን ክፍል እንደገና አንብብ፣ ከዚያ «ትዝታ»ን ፈልግና ሽሬን አንብብ አልኩት። «ትዝታ» እሱ ጋ አልነበረም። መጋላ ሰፈር አንድ ሰው ጋ አለ ብሎ ሊጠይቅልኝ ነው።